የትውልድ ሐረግና የመዝገብ ወረቀት በሁንጋርያ አገር

ሰው ከአባትና ከእናት መወለዱ የተፈጥሮ ሥራ ነው፤ ከማን እንደ ተወለደ ለመንግሥት ማስረዳቱ ግን የጽሕፈት ሥራ ነው። የፊተኛው ያለ ኋለኛው ምን ያህል ሊደክም እንደሚችል የሁንጋርያ ታሪክ ያስተምራል። ከዚህ በታች የሚነገረው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ቀድሞ በዚያ አገር ልደትን፥ ጋብቻንና ሞትን የሚጽፉ የየሃይማኖቱ አገልጋዮች ነበሩ። ከ1828 ዓ.ም. ጀምሮ የመዝገቡ ግልባጭ ለአውራጃው መዝገብ ቤት እንዲሰጥ ታዘዘ። በኦክቶበር 1 ቀን 1895 ዓ.ም. መንግሥት የራሱን መዝገብ አቆመ። ስለዚህ የቅድመ አያቱን ልደት የሚፈልግ ሰው ዛሬም በመንደር ቄስ እጅ የተጻፈውን መጽሐፍ ሳይገልጥ አይሆንለትም።

ስለ ዜግነት ሙሉ ሕግ የወጣው በ1879 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሕግ ዜግነት ከትውልድ እንጂ ከተወለዱበት መሬት አይገኝም፤ በጋብቻ የተወለደ የአባቱን፥ ያለ ጋብቻ የተወለደ የእናቱን ይወርሳል። ይሁን እንጂ ከአገር ወጥቶ አሥር ዓመት ሙሉ የቆየ ሰው ለቆንሲል ካላስታወቀ ወይም የይለፍ ወረቀቱን ካላሳደሰ ዜግነቱ ይቀርበታል። በዚያ ዘመን እንጀራ ፍለጋ ወደ አሜሪካ የተሻገረው ገበሬ ብዙ ነበርና፥ ከሥራው ብዛት የተነሣ ዘመኑን ሳይቈጥር አገሩ ከመዝገብ ሊፍቀው ይችል ነበር።

በጁን 4 ቀን 1920 ዓ.ም. በትሪያኖን የተፈረመው ውል ከግዛቱ ከሦስት ሁለት እጅ የሚያህለውን ወሰደ። ሦስት ሚሊዮን የሚያህል ሁንጋርኛ ተናጋሪ ሕዝብ በጎረቤት መንግሥታት ሥር ሆነ። ሰው ከቤቱ ሳይነሣ ድንበሩ ተነሥቶ አለፈው። የአዲሱም ዜግነት መለያ የነዋሪነት መብቱ የተጻፈበት ቀበሌ ሆነ፤ ሌላ ለመምረጥ የተሰጠው ጊዜ አንድ ዓመት ብቻ ነበር። ማስረጃ ያላገኘው አገር አልባ ሆኖ ቀረ።

ነገር ግን የወረቀት እጦት ከዚህ የከፋ ፍሬ አፈራ። በ1941 ዓ.ም. የሁንጋርያ ባለሥልጣኖች ዜግነታቸውን አላስረዱም ያሏቸውን 18,000 የሚያህሉ አይሁድ ሰብስበው ወደ ዩክሬን ምድር አሻገሯቸው። ከእነዚህ መካከል በዚያው በሁንጋርያ ተወልደው ያደጉ፥ ነገር ግን የአያታቸውን ማስረጃ በጊዜው ማቅረብ ያልቻሉ ብዙ ነበሩ። ከኦገስት 26 እስከ 28 ቀን በካሜኔትስ ፖዶልስክ የጀርመን ጭፍሮች እነርሱንና የአገሩን አይሁድ በጥይት ፈጁአቸው፤ አዛዡ በላከው ራፖር የሟቾቹ ቍጥር 23,600 ተብሎ ተጽፏል። አንድ ቁራጭ ወረቀት በሕይወትና በሞት መካከል ቆሞ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ የወጣው የ1957 ዓ.ም. ሕግ ልጅ ከአባቱ ወይም ከእናቱ ዜግነትን እንዲወርስ አደረገ። በዲሴምበር 5 ቀን 2004 ዓ.ም. በውጭ ላሉት ወገኖች ዜግነት ይሰጥ እንደ ሆነ ሕዝብ ተጠየቀ፤ ድምፅ የሰጠው ሰው ስላልበቃ ነገሩ ሳይጸና ቀረ። በሜይ 26 ቀን 2010 ዓ.ም. ግን ምክር ቤቱ፥ አያቱ ሁንጋርያዊ የነበረና ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው በአገሩ ሳይኖርም ዜጋ እንዲሆን ፈቀደ። በዚያው ቀን የስሎቫክያ ምክር ቤት የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የሚቀበለውን ከራሱ ዜግነት የሚያወጣ ሕግ ደነገገ። ስለዚህ አንዱን ወረቀት መቀበል ሌላውን ማጣት ሆነ። ሆኖም እስከ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ መሐላ የፈጸመው ሰው አንድ ሚሊዮን ደረሰ።

ፈላጊው ልጅን ከአባት፥ አባትን ከአያት የሚያያይዝ ማስረጃ አንድ በአንድ ያቀርባል። በላቲን መጽሐፍ ዮሐኔስ የተባለው ሰው በሁንጋርኛ ያኖሽ፥ በሩማንያ ወረቀት ዮን ተብሎ ይገኛልና፥ ሦስቱ ስም አንድ ሰው መሆኑን ማስረዳት አለበት። የመንደሩ ጸሐፊ በመብራት ሲጽፍ ያስተካከላት ወይም ያሳታት አንዲት ፊደል ከመቶ ዓመት በኋላ ላልተወለደ ልጅ አገር ትሰጣለች ወይም ትከለክላለች። እንግዲህ መዝገብ የሚይዝ ሰው ሁሉ የሚጽፈው ለዛሬ ብቻ እንዳይደለ ይወቅ።