የጥንት ልብስ ለብሰው ከተማ የሚያስጎበኙ በጎ ፈቃደኞች ሥራ ምን ይመስላል?

ከዋሽንግተን ዲሲ በፖቶማክ ወንዝ ማዶ የምትገኘው የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ በርካታ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው የአሜሪካ ከተሞች አንዷ ናት። ከተማዋ የተቆረቆረችው እ.አ.አ በ1749 ነው። ሲመሽ በአሮጌው ክፍሏ፣ በኪንግ ጎዳና በኩል የሚያልፍ መንገደኛ ባለ ሦስት ማዕዘን ባርኔጣ የደፋና ፋኖስ ያንጠለጠለ ሰው ጎብኚዎችን አስከትሎ ሲሄድ ሊያይ ይችላል። ተዋናይ ይመስላል፤ ሥራው ግን ማስጎብኘት ነው።

እንዲህ ያሉ አስጎብኚዎች በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ታሪካዊ ከተሞች የተለመዱ ናቸው። አንዳንዶቹ ደመወዝተኞች ናቸው። ብዙዎቹ ግን ጡረተኞች፣ ተማሪዎች ወይም ለከተማቸው አዲስ የሆኑ ነዋሪዎች ሲሆኑ፣ በሳምንት ጥቂት ሰዓታት ያለ ክፍያ ያገለግላሉ።

የሐሳቡ መነሻ ብዙውን ጊዜ ከስዊድን ጋር ይያያዛል። አርቱር ሃዜሊየስ የተባለው ምሁር እ.አ.አ በ1891 ስካንሰን የተባለውን ሙዚየም ስቶክሆልም ውስጥ ከፈተ። የገጠር ቤቶችን ከየአካባቢያቸው አስነቅሎ በአንድ ኮረብታ ላይ አስተከለ፤ የየአገሩን ልብስ የለበሱ ሰዎችንም አኖረባቸው። በአሜሪካ ደግሞ ዊሊያም ጉድዊን የተባሉ ቄስ ባለጸጋውን ጆን ሮክፌለር ታናሹን አሳምነው፣ እ.አ.አ ከ1926 ጀምሮ የዊሊያምስበርግን ከተማ ወደ 18ኛው ክፍለ ዘመን መልኳ የመመለስ ሥራ ተጀመረ። ዊሊያምስበርግ እ.አ.አ ከ1699 እስከ 1780 የቨርጂኒያ ዋና ከተማ ነበረች። በ1930ዎቹ እንግዶችን በቅኝ ግዛት ዘመን ቀሚስ የሚቀበሉ ሴቶች ተሰማሩባት።

በዚህ ሙያ ሁለት አነጋገሮች አሉ። የመጀመሪያው በአንደኛ መደብ መናገር ነው። አስጎብኚው ራሱን የዘመኑ ሰው አድርጎ “እኔ አንጥረኛ ነኝ፤ ባለቤቴ ባለፈው ክረምት ታመመች” ይላል። ከዚያ በኋላ የመጣውን ዘመን አያውቅም። በማሳቹሴትስ ፕሊመዝ ፓቱክሴት ሙዚየም በሚገኘው የእንግሊዝ ሰፋሪዎች መንደር ዘመኑ የ1620ዎቹ ዓመታት ነው፤ ስለዚህ ጎብኚው ስለ አሜሪካ ፕሬዚዳንት ቢጠይቀው ሰፋሪው ግራ ይጋባል። ሁለተኛው በሦስተኛ መደብ መናገር ነው። ልብሱ የጥንት፣ ተናጋሪው ግን የዛሬ ሰው ነው፤ “በዚያን ጊዜ እንዲህ ያደርጉ ነበር” እያለ ያስረዳል። አንደኛው መንገድ ይማርካል። ነገር ግን ሰፊ ንባብና የቲያትር ችሎታ ስለሚጠይቅ ለጀማሪ በጎ ፈቃደኛ የሚመከረው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው።

ልብሱ ራሱን የቻለ ትምህርት አለው። ብዙ ተቋማት በየሱቁ የሚሸጠውን የበዓል አልባሳት አይቀበሉም። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሴት ከውስጥ የተልባ እግር ሸሚዝ፣ ከላዩ ደረትና ወገብን አጥብቆ የሚይዝ ልብስ፣ ከዚያም ድርብርብ ቀሚሶች ትለብሳለች። ኪሷ በልብሱ ላይ የተሰፋ ሳይሆን በወገቧ ዙሪያ በክር የሚታሰር ከረጢት ነው፤ ለዛሬዋ አስጎብኚ የእጅ ስልክ መደበቂያም ይሆናታል። የእጅ ሰዓትና የጥፍር ቀለም አይፈቀዱም። የጨርቁ ዓይነት የደኅንነት ጉዳይም ነው፤ ምድጃ አጠገብ ለምትሠራ ሰው ሱፍ ከሰው ሠራሽ ጨርቅ ይሻላል። ፖሊስተርና ናይለን እሳት ሲነካቸው ቀልጠው ቆዳ ላይ ይጣበቃሉና። በቨርጂኒያ የበጋ ሙቀት ይህን ሁሉ ደርቦ ለሰዓታት መቆም ቀላል አይደለም።

ከሙቀቱ የሚከብደው ግን የሚነገረው ታሪክ ነው። በአሜሪካ አብዮት ዋዜማ ከዊሊያምስበርግ ነዋሪዎች ከግማሽ የሚበልጡት ጥቁሮች ነበሩ፤ አብዛኞቹም በባርነት የተያዙ። ሆኖም እስከ 1979 ድረስ የእነዚህን ሰዎች ሕይወት በአካል ወክሎ የሚያቀርብ አልነበረም። ያማረ ቀሚስና ያጌጠ ሰረገላ ለአሥርተ ዓመታት ሲታይ፣ ሰረገላውን የሚያጥበው ሰው ከትዕይንቱ ውጭ ነበር።

እ.አ.አ ኦክቶበር 10/1994 ከተማዋ ሰዎች በሐራጅ ሲሸጡ የሚያሳይ ትዕይንት አቀረበች። አራት ሰዎች ለጨረታ ቀረቡ፤ ከመካከላቸው ባልና ሚስት ለተለያዩ ገዢዎች ተሸጡ። የጥቁሮች መብት ተሟጋች ድርጅቶች “የአያቶቻችን ሥቃይ የጎብኚ መዝናኛ ሊሆን አይገባም” በማለት ተቃወሙ። የዝግጅቱ ኃላፊ ክሪስቲ ኮልማን፣ ራሷም ጥቁር አሜሪካዊት፣ ሕዝቡ አስቀድሞ እንዲያይና ከዚያ እንዲፈርድ ጠየቀች። ትዕይንቱ ሲያበቃ ከተቃዋሚዎቹ መካከል ሐሳቡን የለወጠ አልጠፋም። ሁለቱም ወገኖች ግን ባዶ ክርክር አልነበረም ያቀረቡት። ዝም ማለት ታሪኩን ይሰርዛል፤ ማሳየት ደግሞ ሊያቃልለው ይችላል።

ሸክሙ በየዕለቱ የሚወድቀው በአስጎብኚው ላይ ነው። ከአሌክሳንድሪያ በቅርብ ርቀት ባለው የጆርጅ ዋሽንግተን መኖሪያ፣ ማውንት ቨርነን፣ በባርነት የተያዘች የቤት ሠራተኛን ስትወክል የቆየችው ተዋናይት ኤዚ ዳንጂ፣ ጎብኚዎች የሚጠይቋትን ግራ የሚያጋቡ ጥያቄዎች መነሻ አድርጋ እ.አ.አ በ2013 “ባሪያዋን ጠይቁ” የሚል አስቂኝ የኢንተርኔት ተከታታይ ፊልም ሠርታለች። በፕሊመዝ ፓቱክሴት ደግሞ የአገሬው ተወላጆች ሌላ መንገድ መርጠዋል፤ የአያቶቻቸውን ልብስ ይለብሳሉ እንጂ ሌላ ሰው ሆነው አይናገሩም። የሚናገሩት ዛሬ እንዳለ ሕዝብ ነው። ሰፋሪዎቹ የጠፋ ዘመን ገጸ ባሕርያት ሲሆኑ እነርሱ ግን አለመጥፋታቸውን የሚያሳይ በመሆኑ፣ ምርጫው ብልህነት ያለበት ነው።

ልብስ መዋስ ወደ ኢትዮጵያም የሚደርስ ታሪክ አለው። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ልዑል ዓለማየሁ ከሞግዚቱ ከካፒቴን ስፒዲ ጋር ወደ ብሪታኒያዋ የዋይት ደሴት ተወስዶ ነበር። እ.አ.አ በ1868 በዚያ የምትኖረው ፎቶ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ሁለቱንም ፎቶ አነሳቻቸው፤ እንግሊዛዊው ስፒዲም በኢትዮጵያ ልብስ ተነሥቷል። የፎቶ አንሺዋ ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። እንዲህ ባሉ ሥፍራዎች አማርኛ የሚያውቅ አስጎብኚ ለጎብኚው የሚጨምረው ነገር እንዳለ መገመት አያስቸግርም።

ለመጀመር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ጉብኝቱን እንደ ማንኛውም እንግዳ ቢከታተል ይጠቅመዋል። ከዚያ በኋላ ለከተማው ሙዚየም ወይም ለታሪክ ማኅበሩ ያመለክታል። በተለምዶ ሥልጠና ይሰጠዋል፤ ልምድ ያለውን አስጎብኚ ተከትሎም ይለማመዳል። የውጭ አገር ቅላጼ፣ በተለይ በሦስተኛ መደብ ለሚናገር ሰው፣ እንቅፋት ሊሆን አይገባም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቨርጂኒያ ራሷ በአፍሪካ የተወለዱና እንግሊዝኛን በኋላ የተማሩ ብዙ ሰዎች ነበሩ። የሚከብደው “አላውቅም፤ አጣርቼ እነግርዎታለሁ” ማለትን መልመድ ነው። በአንደኛ መደብ የሚናገር ሰው ደግሞ ይህንንም በዘመኑ አንደበት ማለት አለበት።

ሕጉንም ማወቅ ያስፈልጋል። የአሜሪካ የሥራ ሕግ ለትርፍ የተቋቋመ የግል ድርጅት ሰዎችን በበጎ ፈቃደኝነት ስም ያለ ክፍያ እንዲያሠራ አይፈቅድም፤ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የሚሰጠው ለትርፍ ላልተቋቋሙ ድርጅቶችና ለመንግሥት ተቋማት ነው። ስለዚህ ቲኬት ሸጦ የሚያተርፍ የጉብኝት ድርጅት “ለልምድ ብለህ በነፃ ሥራ” ቢል ጥያቄው ተገቢ አይደለም። በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው፣ ሌሎች ደመወዝ የሚከፈልበትን ሥራ በነፃ መሥራት የቪዛ ሁኔታውን ሊያበላሽበት ስለሚችል፣ የትምህርት ቤቱን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ አስቀድሞ ማማከር ይኖርበታል። በብሪታኒያ ደግሞ ጥገኝነት ጠያቂዎች በአብዛኛው ተቀጥረው መሥራት ባይፈቀድላቸውም፣ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ለመንግሥታዊ ተቋማት በጎ ፈቃደኛ ሆነው ማገልገል ይችላሉ። የሚከፈላቸው ግን ለትራንስፖርትና ለምግብ በእርግጥ ያወጡት ወጪ ብቻ ነው።