የናጋኖ ጨው

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጃፓን ናጋኖ ተራራማ መንደሮች ስትሮክ ብዙ ገበሬ ይጥል ነበር። ክረምቱ ረጅም፣ ቤቱ ብርዳም ነበር። ምግቡም በጨው ተዘፍዝፎ የከረመ ጎመንና ሚሶ ከሚባለው የአኩሪ አተር ሊጥ የሚሠራ ሾርባ ነበር። ጎረቤት ለሻይ ብቅ ሲልም የሚቀርብለት ያው ጎመን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1945 ናጋኖ ውስጥ ወዳለው ሳኩ ሆስፒታል የመጡት ዶክተር ቶሺካዙ ዋካትሱኪ ገበሬው ካልወደቀ ሐኪም ዘንድ እንደማይሄድ አዩ። ስለዚህ ከባልደረቦቻቸው ጋር መንደር ለመንደር እየዞሩ ይመረምሩ፣ ከዚያም ስለ ጤና የተዘጋጀ ቲያትር ያሳዩ ጀመር። ከስብከት ይልቅ ቲያትር ሰው መሰብሰቡ አይገርምም።

በ1959 በያቺሆ መንደር ነዋሪውን ሁሉ በየዓመቱ መመርመር ተጀመረ። በሌሎች መንደሮችም የጤና በጎ ፈቃደኛ ሴቶች ጨው ለስትሮክ ስለሚያጋልጥ በየቤቱ እየገቡ የሾርባውን ጨው ለኩ።

ከዚህ ሁሉ ጥረት በኋላ፣ በ1990 የናጋኖ ወንዶች በአማካይ የዕድሜ ርዝማኔ ከጃፓን አንደኛ ሆኑ።