የሐይቅ ጭቃና የጥድ ታሪክ

ስለ ኢትዮጵያ ደን በተወራ ቁጥር አንድ አባባል አይቀርም፦ ከመቶ ዓመት በፊት የአገሪቱ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር፣ ዛሬ የቀረው ከ3 በመቶ አይበልጥም። ለዚህ አባባል ብዙ ጊዜ በምስክርነት የሚጠራው የሐበሻ ጥድ ነው። ደጋው ሁሉ ጥድ ነበር፣ አያቶቻችን ለቤትና ለማገዶ ጨረሱት፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር የተጠጋው ብቻ ተረፈ ይባላል። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት የዚህን ቁጥር መነሻ መርምሮ፣ ከልኬት ይልቅ በመደጋገም የጸና መሆኑን አሳይቷል። እኔ ደግሞ ምስክር የተባለው ዛፍ ራሱ የሚመሰክረው ሌላ ነው እላለሁ። በሰሜኑ ደጋ ጥድ ጠፍቶ፣ ተመልሶ፣ እንደገና የሳሳ ዛፍ ነው፤ መሄድና መምጣቱም ከገበሬው ሞፈር ተለይቶ አያውቅም።

ማስረጃው ወሎ ውስጥ፣ ከሐይቅና ከአርዲቦ ሐይቆች ሥር ተቀብሮ ኖሯል። ዛፉም ሣሩም በየዓመቱ የሚያበነው የአበባ ዱቄት ውኃ ላይ ይወድቅና ከደለሉ ጋር ይተኛል፤ የዘንድሮው ባምናው ላይ እየተነባበረ ይሄዳል። ተመራማሪዎች በቱቦ ያወጡትን ጭቃ ዕድሜ በካርቦን ለክተው፣ በየንብርብሩ ያለውን ዱቄት በማይክሮስኮፕ እየለዩ ቆጠሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ውጤት እንዲህ ይላል፦ ዝግባና ጥድ የነበረው ደን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ዓመት ገደማ ተመነጠረ። ክትክታና ሣር ቦታውን ወርሰው ወደ 1,800 ዓመት ያህል ቆዩ። ከዚያ በ1400 እና በ1700 መካከል ጥድ ወይራን አስከትሎ ተመልሶ ተስፋፋ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሦስት መቶ ዓመታት ምንጠራውም የአፈሩ መታጠብም እንደገና በረታ።

የዚህን ትርጉም ለማየት ከሐይቁ ዳር መራቅ አያስፈልግም። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው ምዕተ ዓመት ሐይቅ እስጢፋኖስን ታላቅ የትምህርት ገዳም ሲያደርጉት፣ ጭቃው እንደሚለው ከሆነ ዙሪያው ባብዛኛው ቁጥቋጦና የሣር ሜዳ ነበር። የጥዱ ደን የመጣው ከገዳሙ በኋላ ነው። ገዳም ሁሉ የጥንት ደን ትራፊን ታቅፎ የቆየ ነው የሚለው እምነት፣ ቢያንስ እዚህ ቦታ ላይ፣ ቅደም ተከተሉን አዛብቶታል።

የዛፉ ተፈጥሮም ይህን ያጠናክራል። የጥድ ፍሬ ትንሽ፣ ሰማያዊነት ያለው እንክብል ነው፤ ወፎች ይበሉትና ዘሩን ርቀው ይጥሉታል። ችግኙ ብርሃን ወዳድ ስለሆነ ከእናቱ ጥላ ሥር እምብዛም አያድግም፤ የሚቀናው በተቃጠለ፣ በተገለጠ ወይም ጦም ባደረ መሬት ላይ ነው። አንድ ዕድሜ ያላቸው ጥዶች ተሰልፈው የቆሙበት ተዳፋት እንግዲህ እጅ ያልነካው ምድር ነው ለማለት አያስደፍርም። ምናልባት አንድ ዘመን ላይ ታርሶ የተተወ ማሳ ይሆናል። ገበሬው ለምን ተወው ሲባል የግራኝ አሕመድ ጦርነትና የ16ኛው ምዕተ ዓመት የሕዝብ እንቅስቃሴ ቶሎ ወደ አእምሮ ይመጣሉ። ነገር ግን ጥዱ መመለስ የጀመረው ከዚያ አንድ ምዕተ ዓመት ቀድሞ ነው፤ ስለዚህ ጦርነት ብቻውን አይበቃም፣ የዝናቡ መጨመርም መታሰብ አለበት።

በሁለት ሐይቅ ጭቃ ስለ አንድ አገር መፍረድ ይቻላል ወይ የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ትክክልም ነው። ግን ምስክሩ እሱ ብቻ አይደለም። የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ ሲዘምት ያነሣቸው ፎቶግራፎች አሉ። ያን ናይሰን የተባለ የቤልጂየም ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እነዚያኑ ቦታዎች ፈልጎ ከ140 ዓመት በኋላ ደግሞ አነሣቸው፤ ሲነጻጸሩ ዛፍ በርክቶ የታየው በአሁኑ ነው። እርግጥ ከአዲሱ ዛፍ ብዙው ባሕር ዛፍ እንጂ ጥድ አይደለም። ይህም የራሱ ምክንያት አለው፦ ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ጥድ ግን ጉቶው ይደርቃል። የእንጨት እጦት ምኒልክን ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም ሊያስነሣ በተቃረበበት ጊዜ ከተማዋን ያጸናት ጥድ ሊሆን አይችልም ነበር። በተቃራኒው ምስጥ የማይደፍረው ምሰሶና ዘመን የሚሻገር ሣንቃ ለሚፈልግ ባሕር ዛፍ ምትክ አልሆነም። የመናገሻ ደንም ቢሆን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል፤ ትውፊቱ በሰነድ ባይጸና እንኳ፣ ደን በሰው እጅ ይመጣል የሚለው ሐሳብ ለአገሩ ሰው እንግዳ እንዳልነበረ ያሳያል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ እንዲህ ማለት ለመንጣሪው ሽፋን አይሆንም ወይ? አይሆንም። የደቡብ ምዕራቡ የቡና ደንና የባሌ ደን ታሪካቸው ሌላ ነው፣ በቅርብ አሥርት ዓመታት መመናመናቸውም በሳተላይት ምስል የታየ ነገር ነው። የወሎውም ታሪክ ቢሆን አያጽናናም፤ ደኑ ለመመለስ 1,800 ዓመት ፈጅቶበታል፣ ያውም ሰው ወይም አየሩ መንገድ ሲለቅለት። የተሳሳተው ተረክ ጉዳቱ መፍትሔው ላይ ነው። ጥድ የጥንት ትራፊ ብቻ ከሆነ ያለውን ማጠር ይበቃል ማለት ነው። በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የድንጋይ ካብ መሠራቱ ከብት እንዳይገባ ስለሚከለክል ለብዙ ችግኝ ጠቅሟል። ጥዱ ግን ጥላው በደፈነው ደን ውስጥ ልጁን ስለማያሳድግ፣ ካቡ የቱንም ያህል ቢጠብቅ ሽማግሌዎቹ ጥዶች በወደቁ ቁጥር ቦታቸውን የሚወስደው ጥላ የሚችል ሌላ ዛፍ ነው። ለጥዱ ተተኪ የሚሆነው መሬት ከካቡ ውጭ፣ ዛሬ ከብት የሚግጥበት ገላጣው ዳገት ላይ ነው።