ሠርቶ ማሳያ አለን፤ ሠርቶ መማሪያስ?

ሰሞኑን መምህራን ለሥልጠና በሚጠሩባቸው ወረቀቶችና ባነሮች ላይ «የእጅ ላይ ትምህርት» የሚል ነገር እየበዛ መጥቷል። አንዳንዱም ሰረዝ ጨምሮ «እጅ-በእጅ መማር» ይለዋል። ነገሩ በእንግሊዝኛ «ሀንድስ ኦን» የሚሉት ነው፤ ልጁ የተነገረውን ሰምቶ ብቻ ሳይሆን ለክቶ፣ ቆርጦ፣ ተክሎ፣ በጥብጦ እንዲማር ማድረግ። ዘዴውን መምህራን ያውቁታል፤ ወላጅም ቢሆን ግማሽ በግማሽ ይገባዋል። የማይገባው ስሙ ነው። በአማርኛ «እጄ ላይ» የሚባለው ገንዘብ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ የለም። «እጅ በእጅ» ደግሞ የገበያ ቃል ነው፤ ዱቤ የለም ማለት ነው። የ6ኛ ክፍል ልጅ እጅ በእጅ ተማረ ሲባል እኔ የሚታየኝ የትምህርት ቤት ክፍያው ዘግይቶ የማያውቅ ልጅ ነው።

የቢሮ ሰነዶች የሚመርጡት «ተግባር ተኮር» የሚለውን ነው። ይሄ ቢያንስ የአማርኛ ወዝ አለው። ነገር ግን «ተኮር» የወጣው ከአተኮረ ነው፤ ማተኮር ደግሞ ዓይንን አንድ ነገር ላይ ተክሎ መቅረት ነው። ቃሉን እንደ ወረደ ከወሰድነው፣ ተግባር ተኮር ተማሪ ተግባሩን ትክ ብሎ የሚያይ ተማሪ ነው። እጁስ? እጁ ተጣጥፏል። የሚያስቀውም የሚያናድደውም፣ በብዙ ክፍል ውስጥ የሚሆነው ይኸው መሆኑ ነው፦ መምህሩ ከፊት ቆሞ ይሠራል፣ ክፍሉ ያተኩራል።

«ተግባር» ራሱ ክፉ ቃል አይደለም። ሥሩ የግዕዙ ገብረ፣ ማለትም «ሠራ፣ አደረገ» ነው፤ ግብርና ምግባር፣ የተውኔቱም ገቢር ወንድሞቹ ናቸው። ሆኖም ቢሮው አድክሞታል። «ተግባርና ኃላፊነት»፣ «ተግባራዊ ይደረግ» እየተባለ ስንት ደብዳቤ ተሸክሟል! በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ደግሞ «ተግባር» የሚል ርዕስ ይቀመጥና ሥሩ ላይ «በቡድን ተወያዩ» ይላል። ውይይት ጥሩ ነው፤ ግን አፍ እንጂ እጅ አይፈልግም።

ከዚሁ ከገብረ ሥር የተወለደውንና ከሁሉ ግርማ ያለውን «ተግባረ ዕድ»ን መዝለል አይቻልም። ግዕዙ «የእጅ ሥራ» ማለቱ ስለሆነ፣ ለቃሉ ቅርበት ከተባለ የሚወዳደረው የለም። ችግሩ ሰው መያዙ ነው። ተግባረ ዕድ ሲባል አዲስ አበቤው የሚያስበው በዚህ ስም የሚታወቀውን የቴክኒክ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም እንጨት ሥራና ብረት ሥራን ነው። ጥላ የምትለካ የ5ኛ ክፍል ልጅ ግን ሙያ እየለመደች አይደለችም፤ ስለ ፀሐይ እየተማረች ነው።

አንድ ወዳጄ «እጅ ማፍታቻ» ይሁን አለኝ። ቃሉን ወደድኩት፤ ከእናት አፍ እንደ ወጣ ያለ ነው። ግን እጁን የሚያፍታታ ሰው ነገሩን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ የጎደለው ቅልጥፍና ብቻ ነው። «ልምምድ»ም እንዲሁ ከለመደ የመጣ በመሆኑ ድግግሞሽን ይሻል። እዚህ ግን ዕውቀቱ ራሱ ከሥራው ነው የሚወጣው። «ሙከራ»ስ? ከመከራ ጋር አንድ ሥር ነው፤ የግዕዙ አመከረ «ፈተነ» ማለት ነውና ብዙዎቻችን የሳይንስ ክፍለ ጊዜን እንዴት እንዳሳለፍነው የሚያስታውስ ሰው አይገርመውም። ለሳይንስ ይሁን፤ አይነካ። ነገር ግን ይጠባል። የትምህርት ፈላስፋው ጆን ዱዊ እ.ኤ.አ. በ1896 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በከፈተው ትምህርት ቤት ልጆቹ ያበስሉና ይሸምኑም ነበር፤ ሽመናን ማን ሙከራ ይለዋል?

የእኔ ምርጫ «ሠርቶ መማር» ነው፤ ለልጆች የሚሰጠው ሥራ ደግሞ «ሠርቶ መማሪያ»። ይህን ስል ፈጠርኩ አልልም። ቋንቋው ቅርጹን ሠርቶ አስቀምጦታል፦ ሠርቶ ማደር እንላለን፤ በደርግ ዘመን ሠርቶ አደር የሚባል ጋዜጣ ነበር፤ የግብርና ባለሙያውም ገበሬውን ሠርቶ ማሳያ ላይ ይሰበስበዋል። ሥሩም የሚመች ነው። ሠራ የመጣው ከግዕዙ ሠርዐ ስለሆነ፣ ሥራና ሥርዓት የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ እንዲያው መነካካት ሳይሆን በቅደም ተከተል መሥራት የሚለው ሐሳብ ቃሉ ውስጥ አለ።

ዋናው ጥቅሙ ግን ከ«ሠርቶ ማሳያ» አጠገብ ሲቆም ማን እንደሚሠራ ማሳወቁ ነው። እርድን እንውሰድ። እርድ የነካው ነጭ ልብስ በሳሙና ሲታጠብ እንደሚቀላ ቤት ውስጥ የማያውቅ የለም። ወረቀት በእርድ ውሃ ነክረው አድርቀው፣ አመድ የተዘፈዘፈበት ውሃ ጠብ ሲያደርጉበት ቢጫው ወደ ቡናማ ቀይ ይለወጣል፤ ሎሚ ሲጨመርበት ይመለሳል። አሲድና ቤዝ ይኸው ነው፤ ከውጭ የሚገዛ ኬሚካል አያስፈልገውም። መምህሩ ይህን ከፊት ሠርቶ ካሳየ ሠርቶ ማሳያ ነው። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ወረቀት ይዞ ጣቱ ቢጫ ከሆነ ሠርቶ መማሪያ ነው። «ተግባር ተኮር» ግን ለሁለቱም ይሆናል፤ ለዚህም ነው ሪፖርት ጸሐፊ የሚወደው።

ጥላውም ላይ ልዩነቱ ይታያል። ከአውሮፓ የተቀዳ ማብራሪያ የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል ይላል፤ እዚያ እውነት ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ባለው ጊዜ ፀሐይ በቀትር ከአናት ወደ ሰሜን አጋድላ ታልፋለች፤ ጥላውም ወደ ደቡብ ይዞራል። ሰኔ 14 ገደማ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ 1 ሜትር እንጨት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ጥላው ሲያጥር 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ይጥላል። (ደመናው እንቢ ካለ ግንቦትም ይሆናል፤ ጥላው ትንሽ ያጥራል እንጂ አቅጣጫው ያው ነው።) ከሰሌዳ የገለበጠ ልጅ «ሰሜን» ብሎ ይጽፋል። ግቢው ውስጥ እንጨት የተከለው ከመጽሐፉ ጋር ይጣላል። ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉት ልጆች፣ በድሮው አጠራር ሁለተኛው ሳይክል፣ ለእንዲህ ያለው ጠብ ደርሰዋል።

የሚነሳብኝን ተቃውሞ አውቃለሁ፦ «ሠርቶ» የወንድ አንቀጽ ነው፤ ሴቶቹስ? በስሙ ውስጥ ቃሉ ረግቷል፤ ሠርቶ ማሳያን የወንድ ብቻ ነው ያለ አልሰማሁም። ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ደግሞ ይፈታል፦ ሠርታ ተማረች፣ ሠርተን ተማርን፣ ሠርታችሁ ተማሩ። «ተግባር ተኮር»ን እስቲ እንዲህ አርቡት።

ለመጽሐፍ አዘጋጆች የምለው አጭር ነው። «ተግባር» ከሚሉት ሳጥኖች ውስጥ ተወያዩ የሚለውን «ውይይት» በሉት፤ መምህሩ የሚያሳየውን «ሠርቶ ማሳያ»፤ ልጁ በእጁ የሚሠራውን «ሠርቶ መማሪያ»። ከዚያ የመጨረሻዎቹ ስንት እንደሆኑ ይቆጠር።