ስንቅና መዝገብ

አንባብያን ሆይ፤ የጦርነት ታሪክ በሚነገርበት ጊዜ የጀግናው ስምና የድሉ ቀን ይነሣል እንጂ ስንቁን ቈጥሮ፣ ጭነቱን መዝግቦ የላከው ጸሐፊ ብዙ ጊዜ አይወሳም። ይሁን እንጂ ዘመቻ የሚቃናውም የሚሰናከለውም በእርሱ ሥራ ጭምር ነው። ዛሬ ይህን ሥራ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለው የኮምፒዩተር ጥበብ ያግዘዋል። በምን እንደሚያግዘውና ምኑን እንደማይተካለት ለማወቅ ያለፈውን መመልከት ይበጃል። ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በእኛ አቈጣጠር ነው።

በመጀመሪያ አያቶቻችን ያዩትን እናስታውስ። በ1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒዬር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ለመዝመት በዙላ ወደብ ሲወርድ ሀብት አልጐደለበትም። 44 ዝሆኖችን ከህንድ አስመጣ፤ ከባሕሩ ዳር ጀምሮ የባቡር ሐዲድ ዘረጋ። ነገር ግን በቅሎዎቹ የደረሱት በቂ ውሃና የሠለጠነ ጠባቂ ሳይዘጋጅላቸው ነበርና ብዙዎቹ በባሕሩ ዳርቻ አለቁ። ንብረቱ ነበረ፤ ሥርዓቱ ግን ዘገየ።

ከዚያ ወዲህ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ አለፈ። ሐምሌ 26 ቀን 1982 ዓ.ም. ኢራቅ ኩዌትን በወረረች ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት እጅግ ብዙ ሠራዊት ከነትጥቁ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ማጓጓዝ ግድ ሆነበት። የዚህ ዓይነቱ ዕቅድ ረጅም ዝርዝር ነው፤ የትኛው ክፍል፣ ከየት ተነሥቶ፣ በየትኛው መርከብ ወይም አውሮፕላን፣ በስንተኛው ቀን የት እንደሚደርስ ይጻፍበታል። አንዱ መርከብ ቢዘገይ በእርሱ ላይ የተመሠረተው ሁሉ ይፋለሳል፤ እንደገና ማሰናዳቱም ሳምንታት ይፈጅ ነበር።

በ1983 ዓ.ም. ዳርፓ የተባለው የአሜሪካ የመከላከያ ምርምር ድርጅት ያሠራው ዳርት የሚባል የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለዚህ ሥራ ዋለ። በአንድ ጊዜ እስከ 50,000 የሚደርሱ ተሽከርካሪዎችን፣ ጭነቶችንና ሰዎችን አገናዝቦ፣ መነሻውንና መድረሻውን አስልቶ፣ እርስ በርሱ የሚጋጨውን አስታርቆ፣ የሳምንታቱን ድካም በሰዓታት ይፈጽም ጀመር። ዳርፓም ለ30 ዓመታት በሰው ሠራሽ አስተውሎት ምርምር ላይ ያወጣው ገንዘብ በዚህ አንድ ሥራ ብቻ ከነትርፉ እንደ ተመለሰ አስታወቀ።

ነገር ግን ልብ በሉ! በዚያው ዘመቻ ወደ ባሕረ ሰላጤው ከተላኩት 40,000 ያህል ኮንቴይነሮች ከግማሽ የሚበልጡት በውስጣቸው ያለው ስላልታወቀ እየተከፈቱ መታየት ነበረባቸው። በረሃ ላይ የሰፈረው ክፍል የጠየቀው መለዋወጫ ሲዘገይበት ዳግመኛ ይጠይቃል፤ የተጠየቀው ሁሉ ይላካል፤ ክምሩም ይበልጥ ያድጋል። ዳርት ጕዞውን አስልቶ ነበር፤ ሣጥኑ ላይ ያልተጻፈውን ግን ሊያነብ አልቻለም።

አሜሪካውያን ከዚህ ተምረው በኮንቴይነሮቻቸው ላይ በሬዲዮ የሚነበብ ምልክት መለጠፍ ጀመሩ። ሆኖም በ1995 ዓ.ም. በተነሣው የኢራቅ ጦርነት ምልክቱ በሁሉም ዘንድ በእኩል አልተሠራበትም። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት ለምድር ጦሩ ክፍሎች በተላከውና ክፍሎቹ ተረክበናል ባሉት ንብረት መካከል የ1.2 ቢሊዮን ዶላር ልዩነት መገኘቱን ገለጠ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ አዲሱ ጥበብ በማስላት ከሰው እንደሚፈጥን፣ ነገር ግን የሚያሰላው የተመዘገበለትን ብቻ መሆኑን ነው። ሐሰተኛ ቍጥር ቢሰጠው ሐሰቱን በፍጥነት ያባዛል፤ በመዝገብ ላይ ብቻ ያለ ስንቅ ደግሞ የተራበ ወታደር አያጠግብም። የዛሬው ኮምፒዩተር ከዳርት ይልቅ እጅግ የበረታ ነው፤ ስለ በረታም የምንሰጠው መዝገብ እውነተኛ መሆን ይበልጥ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ መጋዘን የምትጠብቁ፣ የገቢና የወጪ ደረሰኝ የምትፈርሙ አንባብያን ሆይ፤ አዲስ መሣሪያ ሲመጣላችሁ በደስታ ተቀበሉት። ከዚያ በፊት ግን በመዝገባችሁ ላይ የተጻፈው በመጋዘናችሁ ካለው ጋር መስማማቱን ቈጥራችሁ አረጋግጡ።