ዳግም ልደት (ክርስትና)

ዳግም ልደት በክርስትና እምነት ሰው ከሥጋዊ ልደቱ በኋላ በመንፈስ ቅዱስ የሚያገኘው አዲስ ሕይወት ነው። ትምህርቱ በዋናነት የተመሠረተው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ላይ ነው። በዚያ ኢየሱስ በሌሊት ወደ እርሱ ለመጣው ፈሪሳዊ ለኒቆዲሞስ ከውኃና ከመንፈስ መወለድ እንደሚያስፈልግ ይነግረዋል። በምዕራፉ የሚገኘው «አኖተን» የተባለው የግሪክኛ ቃል «ዳግመኛ» እና «ከላይ» የሚሉ ሁለት ትርጉሞች አሉት። ኒቆዲሞስ የመጀመሪያውን ብቻ ስለተረዳ የሸመገለ ሰው እንዴት ሊወለድ እንደሚችል ጠየቀ።

አብያተ ክርስቲያናት የሚለያዩት ልደቱ መቼና እንዴት ይፈጸማል በሚለው ላይ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዳግም ልደት የሚገኘው በምሥጢረ ጥምቀት ነው። ወንድ ሕፃን በተወለደ በ40፣ ሴት ሕፃን በተወለደች በ80 ቀን ይጠመቃሉ፤ ጥምቀቱም አይደገምም። እንደ መሠረተ ክርስቶስ ያሉ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ግን ልደቱ በንስሐና በግል እምነት እንደሚገኝ፣ ጥምቀትም ያመነ ሰው የሚሰጠው ምስክርነት እንደሆነ ያስተምራሉ።

ልዩነቱ በአውሮፓ የሰው ሕይወት ያስከፈለበት ጊዜ አለ። በ1525 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ ዙሪክ ከተማ በሕፃንነታቸው የተጠመቁ አንዳንድ ሰዎች በእምነታቸው እንደገና ተጠመቁ። የከተማው ምክር ቤት ድርጊቱን በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው፤ ከመሪዎቹ አንዱ የነበረው ፌሊክስ ማንትስም በ1527 እ.ኤ.አ. በሊማት ወንዝ ውስጥ ሰጥሞ እንዲሞት ተደረገ። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የምትካተትበት የሜኖናይት ወገን ከዚሁ እንቅስቃሴ የመጣ ነው።