የአፄ ካሌብ የወርቅ ሳንቲም
አክሱም፣ 6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዓ.ም. መጀመሪያ
ወርቅ፤ ስፋት 17 ሚ.ሜ. ገደማ፣ ክብደት 1.5 ግራም ገደማ

የአክሱም ነገሥታት ልብስ በስብሶ ጠፍቷል። አለባበሳቸውን በዋናነት የምናውቀው ከሳንቲሞቻቸው ነው።

በፊተኛው ገጽ ካሌብ ከፍ ያለ ዘውድ ደፍቷል። በጀርባው ዘውዱ የለም፤ ራሱን በሻሽ ጠቅልሎ ማጅራቱ ላይ አስሮታል። በሁለቱም በኩል ምስሉን ግራና ቀኝ የስንዴ ዛላ አጅቦታል። በግሪክኛ የተቀረጸው ጽሑፍ «ንጉሥ ካሌብ» እና «የታዜና ልጅ» ይላል።

ሳንቲሙ የሚያሳየው ከደረት በላይ ያለውን ብቻ ነው። የቀረውን የምናገኘው በዚያው ዘመን የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት የዮስጢንያኖስ መልእክተኛ ወደ አክሱም መጥቶ ያየውን ከመዘገበው ከታሪክ ጸሐፊው ዮሐንስ ማላላስ ነው። በእርሱ ዘገባ ንጉሡ በወርቅ ክር ያጌጠ የተልባ እግር ጥምጥም አድርጓል፤ ከጥምጥሙ ግራና ቀኝ አራት አራት ዘርፍ ተንጠልጥሏል። አንገቱ ላይ የወርቅ ድሪ፣ ክንዱ ላይ አምባሮች አሉት። ከወገቡ በላይ ራቁቱን ነው፤ ትከሻውንና ሆዱን ዕንቍ የተሰካበት ጠፍር ያቋርጠዋል፤ ከወገቡ በታች በወርቅ ያጌጠ ሽርጥ አገልድሟል። የቆመውም አራት ዝሆኖች በሚስቡት፣ በወርቅ በተለበጠ ሠረገላ ላይ ነው።

ጌጥ የቤተ መንግሥት ብቻ አልነበረም። ከካሌብ ብዙ ቀደም ብሎ፣ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የንግድ መመሪያ በአክሱም ወደብ በአዱሊስ ከሚራገፉት ሸቀጦች መካከል የግብፅ ልብሶችን፣ ባለቀለም ካባዎችንና ለሴቶች አምባርና አልቦ የሚሠራበትን መዳብ ይዘረዝራል።